ላክሽሚ ከቤተ መቅደስ ወደ ሱቅ ግድግዳ እንዴት ወጣች?

እኛ ስደተኞች በተበተንበት አገር ሁሉ የሕንድ ሱቅ ባለውለታችን ነው። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ እርዱን፣ ሄሉን ከዚያ እንሸምታለን። ሒሳብ ለመክፈል ቀና ሲሉ ከባለ ሱቁ ራስ በላይ የተሰቀለ ሥዕል ሳያዩ አልቀሩም። አራት እጆች ያሏት፣ ሳሪ የለበሰች፣ ውሃ ላይ በፈካ ትልቅ አበባ ላይ የቆመች ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ከመዳፏ የወርቅ ሳንቲም ይፈስሳል፤ ከአጠገቧም ዝሆን ይታያል። ከሥዕሉ ሥር ትንሽ መብራት፣ የሚጤስ ዕጣን፣ አንዳንዴም ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ነገር ተቀምጧል።

«ጣዖታቸው ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያው እያልን እናልፋለን። ነገር ግን ያቺ ሥዕል ከዚያ ግድግዳ ላይ እስክትደርስ ድረስ የተጓዘችው መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የሥዕል ታሪክ ብቻ አይደለም፤ «ቅዱሱን ነገር ለማየት የሚፈቀድለት ማን ነው? የሚከለከለውስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ታሪክም ነው። ጥቂት ጊዜዎን ይስጡኝና አብረን እንመልከተው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴቲቱ ላክሽሚ ትባላለች። በሂንዱዎች እምነት የሀብት፣ የበረከትና የመልካም ዕድል እንስት አምላክ ስትሆን የቪሽኑ ሚስት ናት። የቆመችበት አበባ ሎተስ ነው። ሎተስ ሥሩ ጭቃ ውስጥ እያለ ራሱ ንጹሕ ሆኖ ከውሃው በላይ ስለሚያብብ የንጽሕና ምልክት ነው። ዝሆኑ ንግሥናንና ዝናብን ያስታውሳል። የእጆቿ መብዛት ደግሞ ኃይሏ ከሰው ኃይል በላይ መሆኑን ለማመልከት ሠዓሊዎችና ቀራጮች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

ማየትና መታየት

ሂንዱዎች ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄዱበትን ዋና ምክንያት በአንድ ቃል ይገልጹታል፦ «ዳርሻን»። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን ትርጉሙ «ማየት» ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ማየት አይደለም። ምእመኑ አምላኩን ያያል፤ አምላኩም ምእመኑን ያያል። በረከቱ የሚገኘው ዓይን ከዓይን ሲገናኝ ነው።

በዚህም የተነሣ በምስሉ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው አካል ዓይን ነው። አዲስ ምስል ሲቀረጽ የዓይኑ ሥራ ለመጨረሻ ይቆያል። ካህናቱ በጸሎትና በሥርዓት እስትንፋስ እንዲያድርበት ካደረጉ፣ ዓይኖቹም በሥርዓት ከተከፈቱ በኋላ ብቻ ምስሉ ይመለካል። ከዚያ በፊት ድንጋዩ ድንጋይ፣ ነሐሱም ነሐስ ነው። «ድንጋይ ያመልካሉ» ሲባሉ ብዙ ሂንዱዎች የሚመልሱት መልስም ይኸው ነው፤ ድንጋዩ ማደሪያ እንጂ አምላኩ ራሱ አይደለም ይላሉ።

የዓይን ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃንና መላእክት ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ ወደ ተመልካቹ ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ክፉ ሰዎች ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እምነቱ ሌላ፣ ትርጉሙም ሌላ ነው። ሆኖም የሥዕል ዓይን ዝም ብሎ ዓይን እንዳልሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

እንግዲህ በረከት የሚገኘው በማየት ከሆነ፣ እንዳያይ የተከለከለ ሰው ምን ይሁን?

ይህ ጥያቄ በሕንድ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን የሚመለከት ነበር። ምስሉ የሚቀመጠው በቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ እዚያ የሚገቡት ካህናት ብቻ ናቸው። ሌላው ምእመን ከደጁ ቆሞ ያያል። በካስት ሥርዓት «ዝቅተኛ» የተባሉት ግን ከደጁም አይደርሱም፤ ከአጥሩ ውጭ ይቀሩ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬረላ በሚባለው አገር፣ ክልከላው ከሌላው ሁሉ የባሰ ነበር። መንካት ብቻ ሳይሆን መቅረብም ያረክሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ እያንዳንዱ ዝቅተኛ ወገን ከብራሕሚን በስንት እርምጃ መራቅ እንዳለበት በልማድ ተወስኖ ነበር። በቤተ መቅደስ ዙሪያ ባሉ መንገዶች መሄድ እንኳ ለብዙዎች ክልክል ነበር።

የኪሊማኑር ልጅ

የላክሽሚን ሥዕል በየቤቱ እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሠዓሊ የተወለደው በዚያው አገር፣ ከአጥሩ ውስጥ ከሚገቡት ወገን ነው። ራጃ ራቪ ቫርማ ይባላል። በ1848 በትራቫንኮር ግዛት፣ ኪሊማኑር በሚባል ቦታ፣ ከንጉሡ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ከተሳሰረ መኳንንት ቤት ተወለደ። ሥዕልን በመጀመሪያ ያስተማረው አጎቱ ነው። በ14 ዓመቱ ወደ ዋና ከተማው ወደ ትሪቫንድረም ተወስዶ በማሃራጃው ቤተ መንግሥት አደገ።

በዚያን ጊዜ የዘይት ቀለም በሕንድ አዲስ ነገር ነበር። የሚያውቁትም ሰዎች ምሥጢሩን ለሌላ ማሳየት አይወዱም ነበር። ቴዎዶር ጄንሰን የሚባል ከአውሮፓ የመጣ ሠዓሊ ማሃራጃውን ሊሥል ትሪቫንድረም በገባ ጊዜ ወጣቱ ራቪ ቫርማ አጠገቡ ቆሞ ሲሠራ እንዲያይ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ያለውን በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተማረ። በ1873 ሥራው በቪየና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተሸለመ፤ በ1893 ደግሞ በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥዕሎቹ ተሸልመዋል።

ዕድሉን የለወጠው ግን የ1888ቱ ሥራ ነው። የባሮዳው ገዢ ሳያጂራኦ 3ኛ ለአዲሱ ቤተ መንግሥቱ ከጥንታዊ የሃይማኖት ታሪኮች የተወሰዱ 14 ትልልቅ ሥዕሎች አዘዘው። ራቪ ቫርማ ከወንድሙ ከራጃ ራጃ ቫርማ ጋር የሕንድን አገር ዞረ። ጥያቄያቸው ለሠዓሊ ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ አማልክትና የጥንት ጀግኖች ምን ዓይነት ልብስ ይልበሱ? የአንዱን ክፍለ ሀገር ልብስ ቢያለብሷቸው ሌላው ክፍለ ሀገር «የኛ አይደሉም» ሊል ነው። በመጨረሻ ለሴቶቹ ሳሪን መረጠ። ዛሬ ሕንዶች ላክሽሚን ሲያስቡ ሳሪ ለብሳ የምትታያቸው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በጥንቱ የድንጋይ ቅርጽ አማልክቱ ከወገብ በላይ የሚለብሱት በአብዛኛው ጌጥ ብቻ ነበር።

ሥዕሎቹ ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመግባታቸው በፊት ለሕዝብ ታዩ፤ ብዙ ሰው ሊያያቸው ጎረፈ። ነገር ግን አንድ ሸራ የሚሰቀለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በትራቫንኮርም በባሮዳም ዲዋን፣ ማለትም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሰር ማድሃቫ ራኦ ቀደም ሲል በ1884 ለሠዓሊው በጻፉት ደብዳቤ ሥዕሎቹን አውሮፓ ልኮ ቢያሳትማቸው ለአገሩም ለራሱም እንደሚበጅ መክረውት ነበር።

ድንጋይ፣ ቀለምና ወረቀት

ራቪ ቫርማ ምክሩን የፈጸመው በራሱ መንገድ ነው። በ1894 በቦምቤይ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። መሣሪያውም ባለሙያዎቹም ከጀርመን የመጡ ነበሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ለስላሳ ድንጋይ ይዘጋጃል፤ ያ ቀለም የሚያርፍበት የሥዕሉ ክፍል በድንጋዩ ላይ በቅባታማ ቀለም ይሣላል። ከዚያ አንዱ ወረቀት በየተራ ከድንጋዮቹ ሁሉ ላይ እየታተመ ያልፋል። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ሙሉ ሥዕል ይወጣል። በመጨረሻ ቫርኒሽ ሲቀባ ሩቅ ሆኖ ለሚያየው የዘይት ቀለም ይመስላል። ኦሊዮግራፍ ይሉታል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ የመጀመሪያው እርሱ አልነበረም። በካልካታና በፑኔ የሚገኙ ማተሚያ ቤቶች በ1870ዎቹ መጨረሻ የአማልክት ሥዕል ያትሙ ነበር። በካልካታ፣ በካሊጋት ቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጠው በውሃ ቀለም ቶሎ ቶሎ እየሣሉ ለተሳላሚ የሚሸጡ ሠዓሊዎችም ነበሩ፤ እነዚህን ምስኪኖች ከገበያ ያስወጣቸው ርካሽ የታተመ ሥዕል ነው። የራቪ ቫርማ ልዩነቱ አማልክቱን ሥጋና ደም ያላቸው አስመስሎ መሣሉ ላይ ነው። ጥላው፣ ብርሃኑ፣ የቆዳው ልስላሴ፣ የሳሪው እጥፋት ሁሉ የሚዳሰስ ይመስላል።

ከሁሉ ይበልጥ በሕዝቡ ዘንድ የገቡት ላክሽሚና ሳራስዋቲ ናቸው። ሳራስዋቲ የዕውቀትና የሙዚቃ እንስት አምላክ ናት። በሁለት እጆቿ ቪና የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ትጫወታለች፤ በሌሎቹ ሁለት እጆቿ መጽሐፍና መቁጠሪያ ይዛለች፤ ፒኮክም አጠገቧ ቆሟል። ሠዓሊው የጥንት ታሪክ ሲሥል ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ተመልካቹ እንደ ቲያትር ታዳሚ ከውጭ ሆኖ ያያቸዋል። ላክሽሚ ግን ፊት ለፊት ቆማ በቀጥታ ወደሚያያት ሰው ትመለከታለች። ቀደም ብለን ያነሣነው ዳርሻን ማለት ይህ ነው። ከአውሮፓ በተቀዳ አሠራር የተሣለች ብትሆንም ዓይኗ የቤተ መቅደሱን ሥራ ይሠራል።

ንግዱ ግን ለወንድማማቾቹ አልተሳካላቸውም። በቦምቤይ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ማተሚያ ቤቱ ወደ ሎናቭላ አካባቢ፣ ማላቭሊ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። ዕዳ ስለበዛበትም በ1900ዎቹ መጀመሪያ ፍሪትዝ ሽላይኸር ለተባለው ጀርመናዊ ባለሙያ ተሸጠ። ሥዕሎቹ ግን መታተማቸውን ቀጠሉ። ራቪ ቫርማ በ1906 ሞተ።

ወረቀቱ ቤት ሲገባ

አሁን ወደ ሱቁ ግድግዳ እንመለስ። ሥዕሉ ሲገዛ ዕቃ ነው፤ እንደ ማንኛውም ዕቃ ዋጋ ይከራከሩበታል። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ይሆናል። ንጹሕ ቦታ ይመረጥለታል፤ በግንባሩ ላይ ቀይ ዱቄት ይደረግለታል፤ የአበባ ጉንጉን ይንጠለጠልበታል። ጠዋትና ማታ የቤቱ እመቤት መብራት አብርታ በፊቱ ታዞራለች፤ ዕጣን ታጤሳለች። ምግብ ይቀርብለትና በኋላ የተባረከ ነው ተብሎ ለቤተሰቡ ይከፋፈላል። አንዳንዶች በታተመው ሳሪ ላይ እውነተኛ ጨርቅና የሚያብለጨልጭ ጌጥ እየሰፉ ሥዕሉን ራሱን ያለብሱት ነበር። ሲያረጅ ደግሞ ብዙዎች ከቆሻሻ ጋር አይጥሉትም፤ ወንዝ ላይ ይለቁታል ወይም ከተከበረ ዛፍ ሥር ያኖሩታል።

በዲዋሊ በዓል መብራት በየደጁ የሚበራው ላክሽሚ መንገዱን አይታ እንድትገባ ነው። በብዙ አካባቢ ነጋዴው በዚያ ቀን አዲሱን የሒሳብ መዝገብ በሥዕሏ ፊት አስቀምጦ ያስባርካል። ሥዕሏ ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የምትሰቀለውም ለዚህ ነው። ተማሪዎች ደግሞ በሳራስዋቲ በዓል መጽሐፎቻቸውን በሥዕሏ ፊት ያኖራሉ። አዲስ አበባም ሆነ ክፍለ ሀገር በሕንዳዊ መምህር ሒሳብና ሳይንስ የተማራችሁ አንባቢያን፣ በመምህራችሁ ቤት አንድ ጥግ ላይ እርሷን አይታችኋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ለዚህ ሁሉ ቤተ መቅደስም ካህንም አያስፈልግም። መንገድ ላይ ጥላው እንኳ ያረክሳል የተባለ ሰው፣ ጥቂት ሳንቲም ካለው፣ የማሃራጃ ሠዓሊ የሣላትን ላክሽሚ ገዝቶ ጎጆው ውስጥ ይሰቅላታል። እርሷም በቀጥታ ታየዋለች። ወረቀት ዘር አይጠይቅም። ራቪ ቫርማ ይህን አስቦ ማተሚያ ቤት ከፈተ ማለት አይቻልም፤ እርሱ መስፍን እንጂ የለውጥ ሰባኪ አልነበረም። ነገር ግን የሠራው ሥራ ከእርሱ ሐሳብ አልፎ ሄደ።

ትችቱም ቀላል አልነበረም። እንደ አናንዳ ኩማራስዋሚ ያሉ ሊቃውንት «ይህ የሕንድ ሥዕል አይደለም፤ የአውሮፓ ቲያትር ነው፤ አማልክቱንም ተራ ሰው አደረጋቸው» ሲሉ ወቀሱት። ወቀሳው ከእውነት የራቀ አይደለም። ከታተመው ሥዕል ጋር አብሮ የሞተ ብዙ የእጅ ሙያ አለ። በኛም ቤት ቢሆን ከአውሮፓ ታትሞ የመጣው የቅዱሳን ሥዕል ግድግዳውን ከያዘ በኋላ የጥንቱ አሣሣል ለብዙዎቻችን እንግዳ ሆኗል። ርካሹ ወረቀት የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል።

በሩ የተከፈተበት ዓመት

ይሁንና በቤት የተሰቀለ ሥዕል የተዘጋውን በር አይከፍትም። ራቪ ቫርማ የባሮዳውን ትእዛዝ በተቀበለበት በዚያው በ1888፣ በዚያው በትራቫንኮር፣ አንድ ሌላ ሰው ሌላ መንገድ ጀመረ። ስሪ ናራያና ጉሩ ይባላል፤ ኤዣቫ ከሚባለው፣ ቤተ መቅደስ ከማይገባው ወገን የተወለደ መምህር ነው። ምስል ማቆም የብራሕሚን ካህናት ሥራ ብቻ መሆኑን እያወቀ፣ አሩቪፑረም በሚባል ቦታ ከወንዙ ድንጋይ አውጥቶ የሺቫ ምስል አድርጎ አቆመው። በኋላም ለሕዝቡ ሌሎች ቤተ መቅደሶች መሠረተ። በ1927 ደግሞ በካላቫንኮድ በምስሉ ቦታ መስተዋት አስቀመጠ። ለማየት የሚመጣ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ነው። በዓይንና በመታየት ላይ ለተመሠረተ እምነት ከዚህ የበለጠ ስብከት የለም።

በ1924 በቫይኮም ቤተ መቅደስ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ሁሉም ሰው እንዲሄድ የሚጠይቅ ሰላማዊ ትግል ተጀመረ። በ1925 ማሃትማ ጋንዲ ራሳቸው መጥተው ከግዛቱ እንደራሴ ጋር ተነጋገሩ። ከ20 ወር ገደማ በኋላ ከመንገዶቹ አብዛኛዎቹ ተከፈቱ፤ ቤተ መቅደሱ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

ያቺ እንደራሴ ማን ነበረች? የራቪ ቫርማ የልጅ ልጅ ሴቱ ላክሽሚ ባዪ ናት። በትራቫንኮር ዙፋን የሚወረሰው በእናት መስመር ስለሆነ፣ በንጉሡ ቤት ሴት ልጅ በጠፋ ጊዜ የሠዓሊው ሁለት ሴት የልጅ ልጆች በ1900 ለጉዲፈቻ ተወስደው ነበር። ከሁለቱ አንዷ የወለደችው ልጅ ቺቲራ ቲሩናል በኋላ ማሃራጃ ሆነ። በኖቬምበር 12 ቀን 1936፣ በ24 ዓመቱ፣ በመንግሥቱ ሥር ያሉት ቤተ መቅደሶች ለሂንዱዎች ሁሉ፣ ያለ ዘር ልዩነት፣ እንዲከፈቱ አወጀ። አዋጁ ከሰማይ አልወረደም፤ በመንገድ ላይ የተደበደቡት፣ የታሰሩት፣ ለዓመታት የጮኹት ሰዎች ያስገኙት ነው። ቢሆንም የአማልክቱን ፊት በወረቀት ወደ ጎጆ የላከው ሠዓሊ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ወደ ቤተ መቅደሱ እንዲገቡ አዋጁን መፈረሙ የሚያስገርም ገጠመኝ ነው። ወረቀቱ ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ቤት ለመድረስ ጥቂት ዓመታት በቂው ነበሩ፤ ሕዝቡ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ቤተ መቅደሱ ለመግባት ግን ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀበት።

ሥዕሉ ከዚያ ወዲህም አላረፈም። በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የሺቫካሲ ከተማ ማተሚያ ቤቶች በየዓመቱ የአማልክት ሥዕል ያለበት ካሌንደር ለዓለም አዳረሱ። የሕንድ ፊልም አባት የሚባለው ዳዳሳሄብ ፋልኬ በወጣትነቱ ለራቪ ቫርማ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነው። በ1913 ባወጣው ፊልም ያሳየው የጥንት ንጉሥ ታሪክም ራቪ ቫርማ ቀደም ሲል ከሣላቸው ታሪኮች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተን በሕንድ ፊልም ያለቀስን ሁሉ፣ ሳናውቀው የዚህን ሠዓሊ የሩቅ ዘመዶች አይተናል ማለት ነው።

ዛሬ በየአገሩ የተበተነው ሕንዳዊ ስደተኛ ቤተ መቅደስ በሌለበት ከተማ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጠባብ የሠራተኛ መኝታ ቤት ሳይቀር፣ ያቺኑ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደ አገሩ ይጸልያል። ከአልጋው ራስጌ የእመቤታችንን ወይም የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ለጥፎ የሚያድር ወገናችን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እምነታችን የየራሳችን ነው፤ የነርሱን እምነት ለመቀበልም ሆነ ለመንቀፍ ይህን አልጻፍኩም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ምስርና እርድ ሲገዙ ቀና ብለው ይመልከቷት። ያቺ ወረቀት «አትቅረብ፣ አትይ» የተባለ ሰው ቤት ገብታ ያደረች ወረቀት ናት። ባለ ሱቁንም ስለ እርሷ ቢጠይቁት ደስ ብሎት ያጫውትዎታል፤ ጎረቤትነትም የሚጀመረው እንዲህ ነው።